ስፒል

ቁጥር አርባ አንድ፤ አይጥ ሰባት።
በወይን ጠጅ ቀለም የራሰች፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች፣
መስታወት ላይ የተኛች የአንጎል ቅጠል።
አይጧ የአወዳይ ጫት ጭማቂ
ስትጋት ነው የከረመችው፤
ምኗ እንደጎደለ፣ ምኗ እንደተረፈ
ሴል በሴል እንድቆጥር ነው የተቀጠርኩት።
ግን የቱ ሰፈር እንደሆነ ሳይታወቅ
ቤት አይቆጠርም።

ስለዚህ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ፣
ሰው ተኝቶ መስመሩ ሲቀል፤
ሰንጋ በር አጠገብ በተከራየኋት ክፍል
ገጹን ከፍቼ እጠብቃለሁ።
አትላሱ ሩቅ አገር ካለ ማሽን
እንደ ሰነፍ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣
ስልሳ ከመቶ ደርሶ ይቆማል፣
ያስባል።
ሲመጣ ግን ማማሩ!
ሰፈሩ ሁሉ በየቀለሙ፣
ቀበሌው ሁሉ በየስሙ፣
ግራው የቀኙ ግልባጭ፤
ከስንትና ስንት አይጥ ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣
የአንዷም ያልሆነ አንጎል።

የኔይቱ ዘመም ያለች ናት።
ያን ቀን ስቆርጥ ምላጩ አጋድሎ ኖሮ
ግራዋ ወደፊት ቀድሟል፣
ቀኟ ወደኋላ ቀርቷል።
ሁለት ሌሊት ጎተትኳት፣
አሰፋኋት፣ አጠበብኳት፣
ሂፖካምፐሷ በአንድ በኩል ሲገጥም
በሌላው በኩል ያፈተልካል፤
እንደ አጭር ብርድ ልብስ፣
እግር ሲሸፈን ራስ ይበርዳል።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ።
መኪና ግርግር ላይ ጄኔሬተር ያለው
አው ዘከሪያ ልብስ ሰፊው ነው።
ላፕቶፔን ታቅፌ ሄድኩ፣ ለቻርጅ።
ስፒሉን በከንፈሩ እንደነከሰ
ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ።
«ነቢሃ፣ ይሄ የማን ልክ ነው?»
«የአይጥ ጭንቅላት ነው፣ አው ዘከሪያ።»
አልሳቀም።
«ደንበኛሽ የቷ ናት? ባለብዙ ቀለሟ ወይስ ወይን ጠጇ?»
«ወይን ጠጇ።»
«ታዲያ ምነው እሷን ትጎትቻለሽ?
እኔ አርባ ዓመት ስሰፋ
አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ሲመጣብኝ
ትከሻውን አንስቼለት አላውቅም።
የማጋድለው ጨርቁን ነው።»

ይህን ብሎ ሜትሩን ፈለገ፤
ከመኪናው ስር፣ ከክሩ ሳጥን፣ ከኪሱ፣
እንደገና ከክሩ ሳጥን።
ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው።
ልጁ ረምላ ከጓዳ ወጥታ
ምንም ሳትናገር፣ እኔንም ሳታይ
ካንገቱ አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት።
እሱም የጀመረውን ኮት መለካት ቀጠለ።

ማታ አትላሱን አጋደልኩት፤
ያን አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ የማያውቅ፣
ግራ ትከሻውን በስድስት ዲግሪ ዝቅ።
እሷን ሳልነካት
መጥቶ ተቀመጠላት።
ከዚያ ስፒሎቹን፦
አንዱን ከመሃለኛው ስንጥቅ፣
አንዱን ከቅርፊቱ ጠርዝ፣
አንዱን ውሃ ከሚያቁረው ክፍተት ጥግ።
ስሰካ መስመሩ ይሳባል፣ ይታዘዛል፤
ሳበዛ ይሸበሸባል፣ ያኮርፋል፤
ሁለቱን መልሼ ነቀልኩ።
በስተግራ የተቀደደው ብቻ እምቢ አለ።
ምን ሰፈር እንደነበረ አውቃለሁ፤
ቀኙን ገልብጬ ልሞላው እችል ነበር፣
ማን ያያል?
ስፒሉን በከንፈሬ ይዤ ያህል
ጥቂት ዝም ብዬ ቆየሁና
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦
«አርባ አንድ፣ ግራ፣ ተቀዷል። አልተቆጠረም።»

ሊነጋጋ ሲል
ከታች ከመንገዱ አንዲት መኪና ተነሳች።
ድምጿን ለይቼ አውቃታለሁ፣
የአው ዘከሪያ ሲንጀር ናት።
ትንሽ ትሰፋለች፣ ትቆማለች፤
ምናልባት መቀሱን እየፈለገ ይሆናል፣
ምናልባት ረምላን እየጠበቀ።
እኔም ጠበቅኩ፣
ጣቴን ማውሱ ላይ አድርጌ፣
እንደገና እስክትነሳ።
ከዚያ አርባ ሁለትን ከፈትኩ።