ስንት ዋት፣ ስንት ሰዓት

ቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ፣ ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለ፣
ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፤ ዝናብ ያዛገው፣ ንፋስ ግን ያልጣለ፤
አምስት ተከራይ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ቆጣሪ።
መሰላሌን ይዤ ደረስኩ፣ እኔ ገመድ ቀያሪ።

የፊውዙን ሣጥን ስከፍት ሳቄም መጣ፣ ደነገጥኩም፤
በፊውዙ ቦታ ምስማር አለ። ማን እንዳስገባው አልጠየቅኩም።
"ይሄ አይቃጠልም" ብለው ነዋ! ልክ ናቸው፣
ምስማር አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ቤታቸው።
ከጣራው በታች አሮጌው ሽቦ፣ ልብሱ አልቆ፣
ከደረቀ ሣንቃ ጋር ተኝቷል፣ ተጣብቆ።

ዶኛ ኦርቴንሲያ "ሦስት መስመር ይበቃል" አለችኝ፤
ሦስት ጣቷን ቀሰረች፣ የማልሰማ መሰልኳት መሰለኝ።
እኔ ደብተር አወጣሁ። ሥራዬ ከሽቦ አይጀምርም፤
በር አንኳኳለሁ፤ ሰው ሳይጠየቅ ጭነት አይታወቅም።
"ምን ትሰካለህ? ስንት ዋት? ስንት ሰዓት ላይ?" እላለሁ፤
ቁጥር ስፈልግ ታሪክ ይዤ እወጣለሁ።

ኔሜስዮ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል።
"ማኤስትራ፣ የሰው ቁርስ የእኔ እራት ነው" ይላል።
ውሃ ማፍያ፣ ሁለት ሺህ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።
ጻፍኩት።

ያስና ጸጉር ትሠራለች። ማድረቂያዋም ሁለት ሺህ ይበላል።
"ቅዳሜ ብቻ" አለች። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ወለሉ ግን
የሦስት ሰው ጸጉር ለብሷል።
"ሁልጊዜ" ብዬ ጻፍኩ፣ ምንም ሳልናገር፤
ሽቦን ቢዋሹት ይሞቃል እንጂ አይከራከር።

ቤልትራንና ሲክስቶ፣ ወንድማማቾች፣ አንድ ክፍል የሚጋሩ፣
ከሰኔ ጀምሮ ተኮራርፈው፣ በሰው በኩል እየተነጋገሩ፣
ሁለት ማሞቂያ ገዝተዋል፤ ይሄ ለዚህ አልጋ፣ ያ ለዚያኛው።
ኩርፊያ ስንት ዋት እንደሚፈጅ ያን ቀን አሰላሁ፤
ሦስት ሺህ ነው።

ሮሳሜል የወደብ ጫኝ ነበር። ስንት ጆንያ፣ ስንት ከረጢት
የለመደ ጀርባ፤ ዛሬ የሚከብደው የአንዲት ትንፋሽ ክብደት።
ከአልጋው ሥር ኦክስጅን የሚሰጠው መሣሪያ ያጉረመርማል።
ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት። "ስንት ሰዓት ላይ?" አልኩት፣ ከልማዴ።
ፈገግ ይላል።

ማታ ደመርኩ፤ ምድጃው፣ ማጠቢያው፣ ሁሉም፦ አሥራ አራት ሺህ።
ቆጣሪው የሚችለው ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ግን ሁሉም ባንዴ አይሰካም፤
አንዱ ሲነቃ አንዱ ይተኛል፤ ቤት የሚቆመው በዚህ ነው።
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሽቦ ሸክሙ፣ ለስድስት ግን ጌጡ ነው።

ለመብራት ቀጭኑን፣ አንድ ነጥብ አምስት ካሬ፤
ለምድጃው ባለአራቱን፣ እሱ ነው የቤቱ በሬ።
ማፍያውንና ማድረቂያውን ለየብቻ፣ ኔሜስዮን ከያስና ነጥዬ፤
ወንድማማቾቹን ግን በአንድ ብሬከር፣ ሆን ብዬ።
የመሬት ሽቦ ለሁሉም፤ አፈር አልቀበልም ያለው የለም።
ስድስተኛው መስመር ለሮሳሜል፤ ከማንም ጋር አይጋራም።

ዶኛ ኦርቴንሲያ ዕቅዱን አነበበች፣ የታችኛውን በጥፍሯ ነካች።
"ለሦስት መቶ ሃምሳ ዋት ሙሉ መስመር?" አለች።
"ሌላው ሲወድቅ ይሄ እንዳይወድቅ" አልኳት።
ዝም አለች። ቆይታ፣ "ስንት ሜትር ነው?"
"አሥራ ስምንት።"
"ሃያ መስሎኝ" አለችና ፈረመች።

በሦስተኛው አርብ ስልኬ ጮኸ። ዝናቡ ደረጃውን ያጥባል።
የወንድማማቾቹ ብሬከር ወርዷል።
ገባሁ። ሁለቱም ማሞቂያዎች ተሰክተዋል፤ በመሃል፣ በዚያው ሶኬት፣
ሽንብራ የተጣደበት የኤሌክትሪክ ድስት።
በአንድ ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ ይዘው፣ ጨለማው ውስጥ ይስቃሉ።
ኩርፊያውን አስልቼ ነበር፤ ዕርቁን አላሰላሁም።

"አንዱን ማሞቂያ ንቀሉ" አልኳቸው። ማንኛው እንደሚነቀል
ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወጣሁ።
ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ።
ከሮሳሜል በር ሥር ያ ማጉረምረም ይመጣል፣
ሳይቋረጥ።