የቀኝ ጫማ ምስክርነት

ማታ ነው የሄድኩት፣ መዝጊያው ሲቃረብ፣
የታንዲል ኮረብታ በጥላ ሲከበብ።
ኤቫሪስቶ አየኝ ከመነጽሩ በላይ፤
«ደግ አረግሽ!» አለኝ፣ «ጫማ በጧት ይገዛል ወይ?
ጧት የገዙት ጫማ ማታ ላይ ይጠባል፣
እግር እንደ ሊጥ ነው፤ ሲውል ኩፍ ይላል።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ፖስታ ያደልኩ ሴት ነኝ፣
ስለ እግር ተናገሪ ቢሉኝ ማን ሊቀድመኝ?
ግን ዝም አልኩ። ሱቅ ውስጥ ባለሱቅ ነው ዳኛ፣
በተለይ የዓምናው ዕዳ ካለ የተኛ።

አንዱን አነሣሁት፤ ሰማያዊ፣ ላባ፣
የእኅቴ ልጅ አድርጎት ሜዳልያ ያስገባ።
«እሱን አስቀምጪው፤ የሩጫ ነው» አለኝ፣
«ፊት ፊቱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እመኚኝ።
ቴኒስ የጎን ነገር፣ የሸርጣን ጨዋታ፤
ይሄ ተረከዙ እንደ ሰገነት ከፍታ፣
ጎኑ ስስ ወረቀት፤ ትርፉ ወለምታ።»

ሦስት ጫማ ገልብጦ ደረደረ ፊቴ፦
«ጉጥ ጉጥ ያለው ይሄ እንግሊዞች ለሣር፣
ያ ደንዳናው ደግሞ ለሲሚንቶ አሣር፤
ለእኛ ለቀይ አፈር፣ ለጡብ ዱቄት ሜዳ፣
የዓሣ አጥንት መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ ዕዳ።
ቁም ሲሉት ይነክሳል፣ ይለቃል ሲንሸራተት፣
አፈር ቢሞላውም ይረግፋል
ጎኑን ሁለቴ በራኬት ቢሉት።»

«አሮጌውን አምጪ» አለ። ከቦርሳዬ አወጣሁ፤
ሽታው አሳፍሮኝ ዓይኔን አሸሸሁ።
ያን ሁሉ ደብዳቤ ሳልከፍት ያደረስኩ፣
የራሴ ሲነበብ ቆሜ አዳመጥኩ።

«የቀኙ አፍንጫ ተቦርቡሮ አልቋል፤
ሰርቭ ስትመቺ እግርሽ ይጎተታል።
አፍንጫው ላስቲክ የለበሰ ነው የሚሆንሽ።
የግራው ውጪ ጠርዝ ተበልቷል፤ ወዲያ ወዲህ ስትዪ ነው፣ መስመር ላይ ሆነሽ።
የፊት ጥርሱ ግን እንዳዲስ ነው፣ ሙሉ፤
መረቡ ጋ መሮጥ አይደለም አመሉ።
ኔሊዳ፣ ስንት ዓመት ነው ከኋላ የቆምሽው?»

መልስ አልሰጠሁትም።
መረቡ የሆርቴንሲያ ርስት ነበር፤
ዐሥራ ስምንት ዓመት ጥንድ ስንጫወት፣ እኔ ከኋላ ስጠብቅ ዳር፣
አጭር ኳስ ስትጣል «የኔ!» የምትል፣ እንደ ጭልፊት የምትወረወር።
አሁን ሮሳሪዮ ናት፣ ከልጇ ጋር፤ ጉልበቷን በብረት ጠግነውት፣
እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ «ስንት ለስንት?» ለማለት።

ወፍራሙን ካልሲዬን አጥልቄ ለካሁ፤
ከጣቶቼ ፊት ለፊት አውራ ጣት የሚያህል ተውሁ።
በካርቶኖቹ መሐል ወደ ጎን ስዘል፣
በስልሳ አራት ዓመቴ፣
በመስኮት ያየኝ ልጅ በሳቅ ይፈነዳል።
ተረከዜ አልሾለከም። ነጭ አምሮኝ ነበር፤ የተገኘው ብርቱካን መሳይ ነበር፤
«ሜዳው በሁለት ቀን ቀይ ያደርገዋል፤ ቀለም አይደለም ነገር።»
ግማሹን ከፈልኩ፤ ግማሹ ወደ መዝገቡ ጎራ፣
ተጻፈ፣ ከዓምናው ጋራ።

ቅዳሜ ከሚርታ ጋር ገጠምን።
ስድስት ለሁለት፣ ስድስት ለአንድ። አሸነፈች።
ድሮ ስረታ «ጫማዬ ነው!» እል ነበር፣ «አዳለጠኝ»፣ «ጠበበኝ»፤
ይኸው ልኬን ገዛሁና ሰበብ አሳጣኝ።
ታዲያ መጨረሻ ላይ አጭር ኳስ ጣለች ሚርታ፣
«የኔ!» የሚል ድምፅ ጠበቅሁ፤ ሜዳው ጸጥታ።
«የኔ!» አልኩ እኔው። ሮጥኩ። ተንሸራተትኩ፤ እግሬም አልከዳኝ፤
ራኬቴ ደረሰባት፤ ኳሷ ግን መረቡ ላይ ዐርፋ ቀረችብኝ።

ወንበር ላይ ሆኜ አየሁት፤ ከኋላው መስመር ተነሥቶ፣
እስከ መረቡ እግር ድረስ ቀዩ አፈር ላይ ተጎትቶ፣
አንድ ረጅም ፋና።
የሜዳው ጠባቂ መጥረጊያ ምንጣፉን እየጎተተ መጣ፤
«ቆይ» አልኩት፣ «እሱን መጨረሻ ጥረገው፤
ጫማዬን እስካወጣ።»