ሲሶ ድመት

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው በታች፣
የአጎቴ መጋዘን በቆሎዋን አዝላ ዝናብ ታዳምጣለች።
ቀን ኩንታል ይወጣል፤ ሌት ጆንያ ይቀደዳል፤
ከጣራው ማገር ላይ ጅራት ይንጠለጠላል።

እኔ የነስሩ እህት ልጅ፣ የሒሳብ ተማሪ፣
ሁለት ወር ሌሊቱን አነጋሁ፣ በእጄ ባትሪ፣
ጅራት ባየሁ ቁጥር አንድ ጭረት ጭሬ፣
ለድመት ክብ አድርጌ፤ ሞላልኝ ደብተሬ።

«ዲፈረንሻል እኩልታ» — ስሙ ነው የከበደው፤
ሲፈታ ግን ይኸው፣ ጎረቤት የሚያውቀው፦

አይጥ በቁጥሯ ልክ ትወልዳለች፤
ድመት ባገኘቻት ልክ ታልቃለች።
ድመት ብቻዋን ስትቀር ትከሳለች፤
አይጥ ባገኘች ልክ ትወልዳለች።

ነጥቡን ሳያይዘው፣ ከግንቦት ጀምሬ፣
(ከጀርባዬ ቆሞ ጉርሙ መምህሬ)
መስመሩ ዞሮ መጥቶ ከመነሻው ገባ፦
አይጥ ቀድማ ስትሰባ፣
ድመት ዘግይታ ስትሰባ፣
አይጥ ስታልቅ፣ ድመት ባዶ ሆዷን ይዛ፣
እንደገና ጭረት፣ እንደገና ክብ ሲበዛ።

አጎቴ ግን ሐምሌ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።
ሦስት ኩንታል ተበልቶ፣ ሌላው ተጨማለቀ።
መርዝ ገዝቶ መጣ በጥቁር ፌስታል።
«አጎቴ፣ ይህ ነገር ድመቷንም ይገድላል፤
ሁለቱ እኩል ሲሞቱ አይጧ ናት የምታተርፍ፤
እኩልታው ይላል» ስል —
«እኩልታሽ ይረፍ!
መርዝ በልታ የበዛች አይጥ ማን አየ በዓይኑ?»
ብሎ ለውሶ በተነው፣ በጆንያው በየጎኑ።

ከስድስቱ ድመቶች አምስቱ፣
የተመረዘች አይጥ በልተው፣ በሳምንት አለቁ።
ቀበርኳቸው፣ አዌቱ ወንዝ ዳር፤
ዶማውን እሱ ያዘልኝ፣ ምንም ሳይናገር።

መስከረም ሲጠባ አይጦቹ በረከቱ፤
አንድ ገጽ ጭረት አልበቃኝም ለሌሊቱ።

ሞዴሌን ጠየቅኩት፦ «ድመትስ ስንት ቀረ?»
«ዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት» ብሎ ተናገረ።
ወረቀት ላይ እኮ ሲሶ ድመት ትወልዳለች፤
ሲሶዋ ሁለት፣ ሁለቷ ስድስት፣ ዓመት ሳይሞላ ትሆናለች።
ሙሉ ቁጥር አያውቅም፣ ሞትም አያውቅም እኩልታ፤
ሁሌ ስባሪ ያስቀራል፣ ለዘር የሚሆን ጠብታ።

እውነተኛዋ ግን፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣
ሚዛኑ ላይ ተኝታለች፣ ጅራቷን ታቅፋ፤
ሁለት ኪሎ ተኩል።

አጎቴ ከደጅ ገባ፣ ጃንጥላውን አጥፎ።
«በአንቺ ሒሳብ» አለኝ፣ «ስንት ቀረችን?»
«ሲሶ።»
ዝም ብሎ አያት። ብዙ አያት።
«የቱ ሲሶዋ?»