ገሳ የጎረሰ ጎማ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ፣
የሰው ጎማ ስነፋ፣ የሰው ፍሬን ሳይ፣
ሁሉም ተስፈንጥሮ ከእጄ ሲከንፍ፣
እኔ ቁጭ ባልኩበት መንገዱ ሲያልፍ፤
አንቺም ከማሽኑ ሥር ክር ስትለቅሚ፣ ስትጠብቂ፣
ስንቱን ሰው አልብሰሽ፣ የለበሰው የት እንዳለ ሳታውቂ፣
አንድ ዓርብ የጡረታ ደብተር ይዘሽ ወጣሽ፣ እየሳቅሽ።

«እንሂድ» አልሽኝ።
«የት?»
«ወደ ላይ፣ ወደ መንዝ» አልሽ።
«በምን?» ስል፣ በአገጭሽ ግድግዳውን ጠቆምሽ፤
ሁለት አሮጌ ፎኒክስ፣ ዝገት ያጠቆራቸው፣
ጠግኜ ባስቀምጥም መጥቶ የሚወስዳቸው
ሰው ስለጠፋ ነው እኔው የወረስኳቸው።

ማስቲሽ ያዝኩ፣ ቁራጭ ላስቲክ፣ ሦስት ቁልፍ፣ ትርፍ ካቴና፤
አንቺ በሶና ቆሎ፣ ከኋላሽ የታሰረ ባና።
ሁሉን አሰብኩ፣ አንድ ነገር ሲቀር፤
እሱን በኋላ እናገራለሁ፣ አሁን ይቅር።

ከደብረ ብርሃን ወጣን። ጣርማ በር ጉም ነበር፤ ሲኖትራክ ሲመጣ
መብራቱ ነው ቀድሞ ከነጩ ጨለማ የሚወጣ።
ወደ ግራ ታጠፍን፤ አስፋልቱ አለቀና
ኮረት፣ ጭቃ፣ ደግሞ ኮረት፤ ዳገቱ ገና።
ጋለብን ብዬ አላወራም፤ ብስክሌቱ ነው የጋለበን፣
ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬኑ ነው ያለቀሰልን።

መዘዞን አልፈን፣ ገብስ የሚያርሙ ቀና አሉ፤
«ለቅሶ ነው?» «አይደለም።» «ጠበል?» «አይደለም።» «ታዲያ?» እያሉ፤
«የችሎት ቀጠሮ ነው? ዘመድ ታመመባችሁ?»
በመጨረሻ አንድ አዛውንት፦ «ማነው ያባረራችሁ?»
«ማንም» አልሽ፣ «እንዲሁ ነው፣ ለማየት።»
ሰውየው ዳገቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ዝም አለ ቆየት፣
«ያለ ጉዳይ የሚሄድ ነፋስ ብቻ ነበር» አለ፣
ወደ አረሙ ተመለሰ፣ እየነቀለ።
ስምሽን ቢያውቅ ኖሮ፣ ጥሩአየር!

ጓሳ ላይ ነው፣ ጅብራው ጉም ውስጥ እንደቆመ፣
ጭላዶች ሣር ሲነጩ፣ ቀኑ እየደከመ፣
የኋላ ጎማሽ «ፍ…ስ» ብሎ የተኛው።
እንግዲህ ልናገር፤ የረሳሁት መንፊያ ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስነፋ የኖርኩ ሰውዬ!
ጮኸሽ ብትሰድቢኝ ይሻል ነበር። አንቺ ግን ዝም፣ እህህ ብዬ
ካላማዳሪያውን ለጠፍኩ፤ ማስቲሹም በብርዱ እምቢ አለ፤
ቢይዝስ በምን ሊነፋ? በአፌ ሞከርኩ። ጉንጬ ተንቀጠቀጠ፣ ዛለ፤
አንድ አውራ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ አየኝ፣ ሄደ።
«ጥሩአየር» አልኩሽ፣ «ስምሽን አበድሪኝ።»
አልሳቅሽም። ቆይተሽ ሳቅሽ።

ጎንበስ ብለሽ ጓሳውን ልትነጪ እጅሽን ስትሰጂ፣
«ተይ!» አለ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ፣ «ኧረ ተይ እንጂ!
ዘንድሮ አልተከፈተም።» ጠባቂው ነው፣ ሸዋንግዛው፤
ዱላ፣ የዝናብ ቦት። የተኛውን ጎማ ዞሮ አየው።
«ለክዳን ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለገመድም ሲነሳ፤
ለጎማ ግን…» ብሎ፣ ከትከሻው ላይ አነሳ፦
«ጓሳው የአገር ነው። የኔ ይሄ ነው፤ ያረጀ ገሳ።»

ክር የለመደ ጣትሽ ገሳውን ፈታ፣ ገመደ፤
እኔ ጎማውን ስከፍት፣ እሱም ጉርሻ ለመደ።
በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ ተጎራርሰን አናውቅም።

መሐል ሜዳ ስንገባ መሽቶ ነበር፤ አንቺ ከፊቴ፣
ጎማሽ ኮሽ ኮሽ እያለ እንደሚያመነዥክ በሬ፤
ካንዱ ጎን አንዲት ሰበዝ ወጥታ መሬቱን ስትነካ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ… እስከ ስንት እንደቆጠርኩ እንጃ።

ያ ጎማ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ነው። ደንበኛ ሊነፋው ሲያወርድ
«ተው፣ ሞልቷል» እላለሁ።
ደግሞ ከበሩ ቆሞ «አየር አለ?» ብሎ ሰው ሲጣራ፣
«አለ» እላለሁ፤ «ጥሩዋ ግን ጓዳ ናት፤ ቆይ ልጥራ።»