የፋኖሱ ነገር

ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞላኝ ባለፈው ወር፤
ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልደብቅ ይህን ነገር?
የሌሊቱ ነው ብዬ፣ የላሟ ነው ብዬ፣
የፋኖሱን ነገር ኖሬያለሁ ችዬ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጦርነቱ ሩቅ፣
የሬዲዮው ድንጋይ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ።
ከስንዴው ማሳ ላይ፣ ከሳስካችዋን ሰማይ፣
እኛ የምናውቀው ልምምዱን ነው እንጂ ጦሩን መች ልናይ።
ቀለማቸው ቢጫ፣ የተማሪዎቹ፤
እናቴ ቀና ብላ፣ "መጡ ጫጩቶቹ!
ዛሬ ደግሞ የማንን ልትጭሩ ነው ጣራ?"
ትላቸዋለች፤ ታዲያ ሳቋ ሳያባራ
ታማትብ ነበረ፤ ከበረዶው ማዶ
የሰው ልጅ ነውና የሚበረው ማልዶ።

የካቲት ነው፣ ሌሊት። አባቴ ባቡር ላይ፤
ላማችን ምጥ ይዟት፣ ጨረቃ የለ ከሰማይ።
"ቶሎ በል፣ ዳኒሎ፣ አምጣልኝ ፋኖሱን፤
እግሩ ነው የወጣው፣ አላየሁም ራሱን!"
ሮጥኩኝ። መንገድ ላይ ድምፁን ሰማሁና
ቆምኩ። ዝቅ ብሎ ይዞራል እንደገና።
ልጅ ነበርኩ፤ ምን ልበል? እንዲያው ደስ ቢለኝ
ፋኖሱን አንስቼ፣ "አየኸኝ? አየኸኝ?"
እያልኩ አወዛወዝኩት፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።

አየኝ መሰለኝ።

ኋላ ከትልልቆች ሰምቼ እንዳወቅኩት፣
በሌሊት ለሚያርፉ ምድር ላይ የሚያኖሩት
ፋኖስ ነው፤ ተሰልፎ ሜዳ ላይ የሚበራ፤
አብራሪው ያንን አይቶ ይወርዳል በተራ።

ድምፁ ትልቅ አይደል፤ ከጎተራ ጥልቅ
አንድ ቁና ስንዴ ወርዶ እንደሚወድቅ።
እሳት አልተነሣም፣ በረዶው ዋጠና፤
እናቴ ደረሰች፣ የላሟ ደም ገና
ከክንዷ ሳይደርቅ። ጎንበስ አለችና
በዚያው እጅ ልጁን፣ እንደ ጥጃው አድርጋ፣
ከብረቱ ሳበችው፣ ብብቱን ፈልጋ።
ጺም አላወጣም። አንድ እጁ ጓንት የለው፤
የሌላው እጁ ጓንት የቤት ሹራብ ነው፤
አውራ ጣቱ ላይ በቀይ ክር ተጥፏል።
"የጣፈችው" አለች፣ "አሁን እንቅልፍ ወስዷታል።"

ወረቀቱ አጭር ነው፦ "በልምምድ ላይ ሳለ።"
ጠላት የለ፣ ጥይት የለ፣ ውጊያ የለ።
ሴልቢ ኖፍታል፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ የኒውፋውንድላንድ ልጅ፣
አያት ቅድመ አያቱ ከማዕበል ወዳጅ፤
ውሃ ያልገደለውን ሜዳ ገደለው፤
ባሕር የማያውቅ ምድር ተቀበለው።
ማንን ጣለ ተብሎ ይፎከርለታል?
ማንን ማረከ ተብሎ ይሸለልለታል?
ማረፍ ሊማር ወጥቶ፣ ማረፍን ሲያጠና፣
በአንድ ሌሊት ትምህርት አረፈ፤ አለቀና።

ከሃያ ዓመት ኋላ እኅቱ ድሩሲላ
ደረቅ ዓሣ ይዛ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣
መጣች። ከእርሻው መሃል ቆመች። ነፋስ ነበር።
ባርኔጣዋን ይዛ ጀመረች መናገር፦
"እናቴ እስክትሞት አንድ ነገር ስትል ኖረች፤
'ምነው መጨረሻው ላይ ብርሃን ባየ' አለች።
አንተ እዚህ ነበርክ፤ እስቲ ንገረኝ፣ በዚያ በረዶ
አንዳች የበራ ነገር አልነበረም ማዶ?"

ፋኖሱ በረት ውስጥ ከሚስማር ተሰቅሏል፤
ከኋላዬ ነው ያለው፤ ጀርባዬን ያቃጥላል።
"የለም፣ እመቤት" አልኩ። "ጨለማ ነበረ።"
አንገቷን ደፋች፤ ዓሣው በእጄ ቀረ።

ጥጃዋ አደገች፣ ወለደች፣ አረጀች።
እናቴም ሳልነግራት እንደዋዛ ሄደች።
ትራክተሬ ዛሬም እዚያች ስትደርስ ትዞራለች፤
አራት ክንድ የማትሞላ፣ ሳር የበላት ነች።
ልጄ "ነዳጅ ጨረስክ" እያለ ይቆጣል፤
እውነቱን ነው፤ ነዳጅ በየዓመቱ ይወደዳል።

እኔ ግን ዘንድሮ፣ ሰሚ በሌለበት፣
ለሞተችው እኅቱ እነግራለሁ እውነት፦
ድሩሲላ፣ ነበረ። ትንሽ ነው። ቢጫ ነው።
በእግሩ ጣት የቆመ ልጅ ነበር የያዘው።
ሰላም እያለው ነበር፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።

አየው መሰለኝ።