ያለ መስመሩ የታጠፈ

ጠርሙሷ መጣች ከሰዓት፤
ውስጧ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ቁራሽ፣ ፎርማሊን ያገረጣት።
ወረቀቷ ላይ የሐኪም እጅ ጽሕፈት፦
«ጣሃ አባ ፊጣ። ስልሳ አንድ ዓመት።
ልብስ ሰፊ። የአንጀት መድማት።
ካንሰር ይሆን?»
የጥያቄዋ ምልክት እንደ ዓሣ መንጠቆ ተቆልምማ
ስሙን ይዛ ቀርታለች።

አውቀዋለሁ።
ሂርማታ ነው፣ ከጨርቅ ተራው መጨረሻ፤
የእናቴን ሐዘን ጥቁር ቀሚስ የሰፋልኝ፣
ክሩን በሰም እያሸ።
«ጨርቅ» አለኝ ያኔ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣
«አንዴ ያለ መስመሩ ከታጠፈ
ካውያም አይመልሰው፤
ይለምዳል።
ልማዱን ደግሞ ለጎረቤቱ ያስተምራል።»

ስምንት ወር ደማ።
ኪንታሮት ነው አሉት፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ምን ይገርማል?
አሜባ ነው አሉት፤ ክኒኑን ዋጠ፣ ምላሱ ብረት ብረት እስኪል።
የሰው ዓይን ነው ያሉትም አልጠፉም።
እሱ ዝም።
ሌሊት ተነሥቶ፣ ሚስቱ ሳትነቃ፣ ሱሪውን ራሱ ያጥባል፤
ዕድሜ ልኩን ቀይ ጨርቅ በክንዱ ለክቶ የሸጠ ሰው
ቀዩን ይደብቃል።
በመጨረሻ የመርፌዋ ዓይን ጠፋችው፤
እግሩ ከፔዳሉ ተንሸራትቶ
ከማሽኑ ሥር አነሡት።

ቁራሿን በሰም ቀበርኳት፣ ቀዝቅዛ ጠነከረች፤
ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ ቆረጥኩ፣ መስታወት ላይ ዘረጋሁ።
ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
መብራቱ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ።
ካንሰሩን ፈለግሁ። የለም።
ደግሜ ፈለግሁ። የለም።
ነገር ግን በደም ሥሮቹ ዙሪያ
አንድ ሮዝ ዝምታ ተጋድሟል፣
ሕዋስ የሌለው፣ ፊት የሌለው፣
ሰላም ቢሉት የማይመልስ።

ከመደርደሪያው ጥግ ኮንጎ ቀዩን አወረድኩ፤
አቧራ ለብሷል፣ እዚህ ብዙ ሥራ የለውም።
የጥጥ ማቅለሚያ ነበር ጥንት፣ የልብስ ቀለም፤
ዞሮ ዞሮ ከልብስ ሰፊ አንጀት ገባ።
ነከርኩት። ቀላ።
ብርሃኑን በሁለት ማጣሪያ መሐል አሳልፌ ባየው
ቀዩ አረንጓዴ በራ።

የቦዬን ደንገል አውቃለሁ፣ የጅሬንን ዳገት አውቃለሁ፤
ይሄኛው አረንጓዴ
ከየትኛውም ዝናብ አልበቀለም።

አሚሎይድ።
ስሙ «ስታርች መሳይ» ማለት ነው፤ ያወጡለት ሰዎች ተሳስተው።
ቡላ አይደለም። ፕሮቲን ነው፣
ያለ መስመሩ የታጠፈ፣
ልማዱን ለጎረቤቱ ያስተማረ፤
እጥፍ በእጥፍ ተነባብሮ የደም ሥሩን ሻማ አደረገው፣
ሲነካ የሚሰነጠቅ ሻማ።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ሁለተኛው ነው።
የመጀመሪያውን ያወቅሁት ሰውዬው ከሞተ በኋላ።

ውጤቱን ሊሰማ መጣ፣ ከልጁ ከኬሪያ ጋር።
ሐኪሙ ስለ መቅኒ ምርመራ፣ ስለ አዲስ አበባ ሪፈር ያስረዳል፤
እሱ ወደኔ ዞሮ
«እና ይተረተራል?» አለኝ።
መልስ አጣሁ።
ጋዋኔን አየ። «ጫፉ ተፈትቷል፤ አምጪው» አለ፣
ከኮሌታው ሥር መርፌ ነቀለ፣
እዚያው ኮሪደሩ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
በመስመሩ ላይ፣ በመስመሩ ላይ ብቻ
አጠፈው።