ሁለት ለአንድ

በሰባት ዓመቱ ስልክ ደወለልኝ፤
ሰላምታም የለ፣ "ደህና ነህ?" አላለኝ፤
"ሬዚን ቶሎ ይደርቃል፣ ሁለት እጅ አይበቃኝ፣
ቅዳሜ ና" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋኝ።

ኦስሞ ታላቄ ነው።
ያባታችን ጫካ ገበያ ሲወጣ
እሱ "ይሸጥ" አለ፣ እኔ "አይሸጥም"።
ከዚያ ወዲህ ለቀብር እንኳ ስንመጣ
እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣
መሐላችን ያክስታችን ኮፍያ።

ከሳይማ ሐይቅ ዳር ካለው ጎተራው ስገባ
ጀልባዋ ባፏ ተደፍታለች፣
ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤
አራት ሜትር ተኩል ያልተቀባ ገላ፣
ስስ የበርች ኮምፔንሳቶ፣ በመዳብ ሽቦ የተሰፋ፣
ሽቦው በየስፌቱ ጫፉን ጠምዝዞ
እንደ ሳምንት ጢም የቆመ።
"ክረምቱን ሙሉ ሰፋኋት" አለኝ።
"አንድ ሚስማር የለባትም።"
ሰላምታው ይኸው ነበር።

ሬዚን ብርድ ይጠላል።
ሳውናው ውስጥ፣ ከላይኛው መደብ፣
አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣
ሁለቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን ሆነው ይሞቃሉ፤
ለእርቅ እንደ ተጠሩ ሽማግሌዎች
ሳል እንኳ የላቸውም፣ ዝም ብለዋል።

ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥን፣ አንድ ባንድ።
ቀዳዳውን በሰጋቱራና በሬዚን ድፍን።
ሹሉን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለዘብን፤
ጨርቁ ሹል ነገር ላይ አይተኛምና።
"ጠርዙ አንተን ይመስላል" ልለው
ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት።

"ሁለት ለአንድ" አለ።
"ሁለት እጅ ሬዚን፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ።
ባይን አይለካም፣ በይሉኝታ አይለካም፤
ከተሳሳትክ ዕድሜ ልኩን እንዳጣበቀ ይኖራል፣
አይፈስም፣ አይጠነክርም።"
እኔ ለካሁ፣ እሱ ቀባ።
ድሮ የሚለካው እሱ ነበር፦
ወተቱን፣ ዳቦውን፣ በታንኳው የመቅዘፍ ተራን፣
እና የኔ ተራ ሁልጊዜ ያጥር ነበር።

ጥብጣቡን በስፌቱ ላይ ዘረጋን፣
ካፍንጫዋ እስከ ኋላዋ፣ በሮለር እየተጫንን።
ቀጥሎ ትልቁ ጨርቅ። እሱ ባንድ ጫፍ፣ እኔ ባንድ ጫፍ፣
እንደ አንሶላ አራገፍነው፤ አየር ሞላው፣
ቀስ ብሎ ወረደ፣ ጀልባዋ ላይ ተኛ።
እንዲህ ነጭ ጨርቅ ጫፍና ጫፍ ይዘን
አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ሸፍነን እናውቃለን።
አላነሳነውም።

ሬዚኑ ሲፈስበት ነጩ ጠፋ፤
(ጠፋ እንኳ አይባልም፣ አለ፣ ግን አይታይም)
የእንጨቱ ጅማት ከሥር ወጣ፣
ማር የመሰለ፣ ዓይን ዓይን ያለው፤
ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረና
"ይኼ በርች ከየት ነው?" አልኩ።
"ከሱቅ" አለኝ። "ሰባ አምስት ዩሮ፣ አንዱ።"

ሃያ ደቂቃ ነበረን።
እኔ ግን ጅማቱን ሳይ፣ ሳይ፣ ሳይ
ጣሳው በጄ ጋለ፣ ጨሰ፣
"ራይሞ! ወርውረው!"
ሣሩ ላይ ወረወርኩት፣ እዚያው ድንጋይ ሆነ።
በሰባት ዓመት ውስጥ ስሜን ከፉ የሰማሁት
እጄ ሲቃጠል ነው።

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ አልጠልቅ ብላ ስትለግም፣
አንዲት ቢንቢ ትከሻዋ ላይ አረፈች፣
እግሯ ተያዘ፣ ክንፏ ተያዘ።
በስለት ጫፍ ላነሳት ስል
"ተዋት" አለ። "ጨርቁ ይጎዳል።
ሁለተኛው ድርብ ይሸፍናታል፤
ስንት ዓመት በነፃ ትንሳፈፍ።"
ሳቅኩ። እሱም በአፍንጫው ተነፈሰ፣
የኦስሞ ሳቅ ያ ነው።

ጓንቱን አወለቀ፣ እጁን በኮምጣጤ ታጠበ፣
ጎኗን በጉልጥምቱ ኳ ኳ አደረገ፣
ገና ለስላሳ ናት፣ ድምፅ አልሰጠችም።
ለኔ ሳይሆን ለሷ እንደሚነግር
"የውስጧ ይቀራል" አለ።

መኪናዬን አስነሣሁ። አጠፋሁ።
መስኮቱን ዝቅ አድርጌ
"መቼ?" አልኩት።